መልስ፦ መድኃኒቱ እያለ ደንበኛው ለምን ቅር ይለዋል?

«መድኃኒት አይጎድልብንም፣ ወረፋም የለም፤ ታዲያ ደንበኞች ለምን ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ?» ብለው ለጠየቁት፦ እኔም ለዓመታት ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜያለሁ። በእኔ እይታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ማብራሪያው ነው። «በቀን 3 ጊዜ» ብሎ ጽፎ መስጠት በቂ አይደለም። አንዲት እናት ለልጇ አሞክሲሲሊን (በውሃ የሚበጠበጥ የፀረ ባክቴሪያ ዱቄት) ስትወስድ፣ ውሃው ጠርሙሱ ላይ እስካለው ምልክት ድረስ እንደሚሞላ፣ ሁልጊዜ ከመስጠቷ በፊት ጠርሙሱን እንድትንጠው፣ በቤት ማንኪያ ሳይሆን በመስፈሪያው እንድትለካ ካልተነገራት ቤቷ ስትደርስ ግራ ይገባታል። ነግረዋት ሲጨርሱ ደግሞ «እስቲ እንዴት እንደሚሰጡት ይንገሩኝ» ብለው ያስደግሟት። ያልገባት ነገር የሚታወቀው ያኔ ነው፤ እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ስህተት ከበር መልሻለሁ።

ሌላው ገመና ነው። አጠገቡ ሌላ ሰው ቆሞ እየሰማ ስለ አባላዘር በሽታ ጮክ ብሎ መጠየቅ ደንበኛውን ያሸማቅቃል፤ ተመልሶም አይመጣም። ትንሽ ጥግ እንኳ ካለችዎ ወደዚያ ይውሰዱት፣ ድምፅዎንም ዝቅ ያድርጉ።

ምናልባት የታዘዘው መድኃኒት ከጠፋም «የለም» ብለው ብቻ አይሸኙት፤ የት ሊያገኘው እንደሚችል ይጠቁሙት፣ ወይም ሐኪሙን ደውለው ያነጋግሩለት።