ከመፈረምዎ በፊት የሥራ ውልዎን ያውጡ

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን በየቀኑ በሚጠቀምበት አንድ የክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም ላይ ስህተት አግኝቼ፣ ማታ ማታ ቤቴ ሆኜ አረምሁትና ኮዱን ለፕሮጀክቱ ላክሁ። «በቅድሚያ የአበርካች ፈቃድ ስምምነት ይፈርሙ» አሉኝ። ብፈርም ኮዱ ከእጄ ይወጣል? በኋላ ሐሳቤን ብቀይርስ?

መልስ፦ የጠየቁኝ ቀላሉን ነው። አብዛኞቹ ስምምነቶች ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይወስዱም። ብዙዎች አርአያ ያደረጉት፣ የክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶችን የሚያስተዳድረው የአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሰነድ የቅጂ መብቱን ለእርስዎ ይተውና ዘላቂ፣ ነፃና የማይሻር ፈቃድ ይቀበላል፤ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ፈቃድም ይጨምርበታል። ስለዚህ ኮዱን ሌላ ቦታ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ መልሱልኝ ማለት ግን አይችሉም። መብቱን ጨርሶ የሚያስተላልፉ ስምምነቶችም ስላሉ ቃሉን ይፈትሹ። ፈቃዱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ የፕሮጀክቱ ባለቤት ቀጣዮቹን እትሞች ጠበቅ ባለ ፈቃድ ሊያወጣ ይችላል፤ ሃሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ቴራፎርም የተባለውን ፕሮግራሙን እንዲሁ አድርጓል።

አሁን ወዳልጠየቁኝ ልምጣ። ስለ አሠሪዎ አንድም ጥያቄ አላነሡም፤ «መሥሪያ ቤታችን በየቀኑ በሚጠቀምበት» የሚለው ግን አምልጦዎታል። ስህተቱ የተገኘው ከሥራዎ ጋር በተያያዘ ይመስላል፤ ማታ ቤትዎ ማረምዎ ብቻውን አያድንዎትም። በብዙ አገሮች ሕግ ሠራተኛ ለሥራው የጻፈው ኮድ የአሠሪው ነው፤ የሥራ ውሎች ደግሞ ይህንን «ከድርጅቱ ሥራ ጋር የተያያዘ ሁሉ» እስከማለት ያሰፉታል። የጻፉበት ኮምፒውተርስ የማን ነው?

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው። በአፓቺ ሰነድ፣ አሠሪዎ በሚፈጥሩት ላይ መብት ካለው ፈቃድ እንደሰጠዎ፣ ወይም መብቱን እንደተወ፣ ወይም ራሱ የድርጅት ስምምነት እንደፈረመ የሚያረጋግጡት እርስዎ ነዎት። በስፍራው ስለሌለ ሰው ቃል እየሰጡ ነው። ቃሉ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ፕሮጀክቱም አሠሪዎም ሊጠይቁዎት ይችላሉ።

«አለቃዬ ችግር የለውም ብሎኛል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የቅርብ አለቃዎ የድርጅቱን ንብረት የመስጠት ሥልጣን አለው ወይ? ነገ ሥራ ቢለቅስ ማን ይመሰክርልዎታል? ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ ድርጅቱን ወክሎ የመፈረም ሥልጣን ያለው ሰው ይፈርምበት፤ የፕሮጀክቱን ስም፣ የትኛውን ኮድ እንደሚመለከት፣ ወደፊት የሚልኩትን ይጨምር እንደሆነም ይግለጽ። ድርጅቱ የራሱን ስምምነት ፈርሞ ከሆነ ስምዎ ከተፈቀደላቸው ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ይዩ፤ ኖሮም ቢሆን አፓቺ የግል ፊርማዎን መጠየቁን አይተውም።

አንዳንድ ፕሮጀክቶች በስምምነት ፋንታ ከእያንዳንዱ ለውጥ ግርጌ ስምና ኢሜይል ያስጽፋሉ፤ የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሠራው በዚህ ነው። አጭር ነው ብለው አይናቁት፤ እዚያም የሚያረጋግጡት ኮዱን የመስጠት መብት እንዳለዎት ነው።

አንድ ወቀሳ ይፍቀዱልኝ፤ ኮዱን ከላኩ በኋላ መጠየቅዎ ዘግይቷል። አሁን ደንግጠው እንዳይደመስሱት፤ ቢደመስሱትም ሌሎች ቅጂ ወስደው ሊሆን ይችላል፣ ለአሠሪዎም መደበቅ ይመስላል። የፕሮጀክቱ የኮድ ለውጥ መዝገብ ስምዎን፣ ኢሜይልዎንና ሰዓቱን ይዟል፤ ኢሜይሉ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ «በግሌ ነው» የሚለው ክርክርዎ ይዳከማል። ሳይፈርሙ ይቆዩ። የሥራ ውልዎን፣ የድርጅቱን የአእምሯዊ ንብረት መመሪያ፣ የስምምነቱን ሙሉ ቃልና ያንን መዝገብ ይዘው፣ ውልዎ የሚገዛበትን አገር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ። ውሉን ሳላይ ከዚህ በላይ ልነግርዎ አልችልም፤ ለፕሮጀክቱ ግን «የአሠሪዬን ፈቃድ እየጠየቅሁ ነው» ብለው ዛሬውኑ ሊጽፉላቸው ይችላሉ።