መንገድ ለምትሰሩ ልጆች፦ ሲሚንቶ ስለበዛ ቤዝ አይጠነክርም

ከፖሊ ቴክኒክ ተመርቃችሁ ሳይት የወጣችሁ ልጆች ስለ ኮምፖዚት ፔቭመንት ትጠይቁኛላችሁ፣ ያው ከስር ኮንክሪት ወይ በሲሚንቶ የታሰረ ቤዝ (ከአስፋልቱ ስር የሚነጠፈው የጠጠር ንጣፍ)፣ ከላይ ደሞ አስፋልት ያለው መንገድ ማለት ነው። እኔ በጣም አምንበታለሁ። ስሩ ጭነቱን ይሸከማል፣ አስፋልቱ ከፀሀይና ከዝናብ ይከልለዋል፣ ሲያረጅ የላዩን ፍቃችሁ ታድሳላችሁ እንጂ ስሩን አትነኩትም።

ከባህር ዳር በወረታ ጎንደር የሚያልፈውን ተሳቢ ያየ ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል። አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ላይ ባደረጉት አሾ (AASHO) የተባለ የመንገድ ሙከራ፣ መንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአክስል ጭነት (አንዱ የጎማ ዘንግ ከሚሸከመው ክብደት) ጋር በአራተኛ ፓወር ገደማ እንደሚያድግ ታይቷል፣ 8 ቶን የነበረው አክስል 10 ሲሆን ጭነቱ በሩብ ነው የጨመረው፣ ጉዳቱ ግን ከእጥፍ በላይ ነው፣ 16 ቶን ከሆነ ደሞ ጉዳቱ 16 እጥፍ። ስለዚ መኪና ቆጥራችሁ ብቻ አትምጡ፣ አክስሉን አስመዝኑ።

አሁን ልቤ ላይ ያለው ነገር። ብዙ ልጆች ቤዙ እንዲጠነክር ብለው ሲሚንቶ ይጨምራሉ፣ የላብራቶሪ ውጤቱም ያምራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን እኮ ሲሚንቶ ያለበት ነገር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ማስቀረት አይቻልም፣ እናንተ የምትወስኑት እንዴት እንደሚሰነጠቅ ነው። ሲሚንቶ ሲበዛ ስንጥቁ ተራርቆና ሰፍቶ ይመጣል፣ በልኩ ሲሆን ግን ቀጫጭንና ተቀራራቢ ይሆናል፣ በቀጫጭኑ ጠጠሩ እርስ በርሱ ተናክሶ ጭነቱን ያሻግራል፣ ሰፊው ግን ቀን በሙቀት ሌሊት በብርድ ሲላወስ አስፋልቱን ከስር ወደ ላይ ይቀደዋል፣ ሪፍሌክሽን ክራክ የምንለው እሱን ነው። ስለዚ ቤዙ ከተነጠፈ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ቫይብሬተር ሮለር (እየተንቀጠቀጠ የሚዳምጠውን ማሽን) አሳልፉበትና ሆን ብላችሁ ጥቃቅን ስንጥቅ ፍጠሩበት፣ ከዛ ውሃ ማጠጣቱን ቀጥሉ። ፎርማኑ "እንዴ፣ የሰራነውን ልናፈርስ ነው?" ይላችኋል፣ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው።

ከስር ጆይንት (ሆን ተብሎ የተተወ መጋጠሚያ) ያለው ኮንክሪት ከሆነ ደሞ አስፋልቱን ልክ በጆይንቱ አናት ቁረጡና በሲላንት፣ ማለትም በማሸጊያ፣ ሙሉት። ትንሽ ሴንቲሜትር ከሳታችሁ አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ይወጣል፣ ስለዚ አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት የጆይንቱን ቦታ ዳር ላይ ምልክት አድርጉ። አስፋልት ከመምጣቱ በፊት አቧራው በደንብ ይጠረግ፣ ታክ ኮት (ሁለቱን ንጣፍ የሚያጣብቅ ቀጭን የሬንጅ ርጭት) ይረጭ። ካልተጣበቁ ሁለቱ ለየብቻቸው ነው የሚታጠፉት፣ በወረቀት ያሰላችሁት ውፍረት መሬት ላይ የለም ማለት ነው።

በዚሁ የጎንደር መንገድ ፎገራ ሜዳ ላይ ስትደርሱ ደሞ ሌላ ነገር አለ። ጥቁር አፈሩ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል። ምንም ያህል ጠንካራ ቤዝ ብታነጥፉ ውሃ በስንጥቅ ወይ በሾልደር (በመንገዱ ዳር) ከገባ ከስር ያለው ይለሰልሳል፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጭቃው በስንጥቁ ይተፋል፣ ስሩ ባዶ ይሆናል። ስለዚ ሙሌቱን ከፍ አድርጉ፣ ሾልደሩንም በሬንጅ አሽጉት፣ የካልቨርቱን (ከመንገዱ ስር ውሃ የሚያሳልፈውን ቦይ) ቁጥርና ከፍታ በጋ ላይ ባያችሁት አትወስኑ፣ ነሐሴ ላይ ሄዳችሁ ውሃው የት እንደሚደርስ እዩ፣ ገበሬዎቹንም ጠይቁ፣ እነሱ ያውቁታል።