ልኩን ከዚህ፣ ሙቀቱን ከዚያ

ነሐሴ ሲገባ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይለወጣሉ። የትምህርት ዕድል ያገኘውም፣ ሥራ የተቀጠረውም፣ ወደ ቤተሰቡ የሚሄደውም አብዛኛው ከአዲስ ዓመት በኋላ ስለሚነሳ ስለ ሻንጣ የሚጠይቀኝ ይበዛል። የዘንድሮዎቹ ጥያቄዎች የመጡት በአብዛኛው ከከተማው ዳር ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከኮዬ ፈጬ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ስም ሳልጠራ እመልሳለሁ።

«ጋሼ፣ ጀርመን ለማስተርስ የትምህርት ዕድል አግኝቼ መስከረም መጨረሻ ላይ እሄዳለሁ። ታላቅ እህቴ መርካቶ ወስዳ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ልትገዛልኝ ተነስታለች። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ምንም አትያዝ፣ ሁሉም እዚያ አለ› ይሉኛል። የማንን ልስማ?» (ከቱሉ ዲምቱ)

የሁለቱንም በከፊል። እህትህ አምሮብህ እንድትሄድ መፈለጓ ደግ ነው፤ ብቻ ገንዘቧን ለብዛቱ ሳይሆን ለልኩ እንድታውለው ንገራት። እዚህ አገር በቀላሉ የምናገኘው፣ እዚያ ግን የሚወደደው የሰው እጅ ነው። ኮንዶሚኒየማችሁ ሥር ያለው ልብስ ሰፊ ሻይ እስክትጠጣ ድረስ ሱሪህን አሳጥሮ ይሰጥሃል። ጀርመን ይኸው ሥራ ብዙ ጊዜ ከ10 ዩሮ በላይ ያስከፍላል፤ ያውም ቀን ተቀጥሮልህ። በሌላ በኩል ለእውነተኛ ክረምት፣ ለፈረንጆቹ የበረዶ ወቅት፣ የተሠራ ጃኬት እዚህ ገበያ ማግኘት ከባድ ነው። ቢገኝም ውፍረቱ ያታልላል። ስለዚህ ልክ የሚፈልገውን ልብስ ከዚህ፣ የሚያሞቀውን ከዚያ ግዛ። ጀርመን የምትደርሰው ብርዱ ገና ሳይጠነክር ስለሆነ ሰዎች ምን እንደሚለብሱ አይተህ፣ ተረጋግተህ ለመግዛት ጊዜ አለህ።

ከዚህ የምትይዘው ይህን ያህል ይበቃል። ሱሪ ሦስት፦ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ፣ አንድ ግራጫ የሱፍ ሱሪ፣ አንድ ካኪ። ሸሚዝ ሁለት፣ ነጭና ውሃ ሰማያዊ። ጽሑፍ የሌለባቸው ሦስት ከነቴራዎች። አንድ ስስ ሹራብ፣ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ አንድ ዝናብ የማያስገባ ስስ ጃኬት፣ ሁለት ጥንድ ጫማ። ካልሲና የውስጥ ልብስ ላይ ግን አትቆጥብ፤ የተማሪ ማደሪያ ውስጥ ማጠቢያ ማሽኑ የጋራ ስለሆነ በሳምንት አንዴ ነው የምታጥበው። ለአሥር ቀን የሚበቃ ያዝ።

ዝርዝሩ አጭር ሆኖ የሚበቃው ቀለሙ ስለሚስማማ ነው። አምስቱ የላይ ልብሶች ከሦስቱም ሱሪዎች ጋር ከሄዱ 15 ዓይነት አለባበስ ይወጣል፤ ኮቱንና ሹራቡን ስትደርብበት ደግሞ ይጨምራል። እህትህ ቀይ ሱሪ ካነሳች ለስለስ ብለህ «ከየትኛው ሸሚዜ ጋር?» በላት። ከአንድ ልብስ ጋር ብቻ የሚሄድ ልብስ፣ ቢያምርም፣ ለሻንጣ አይሆንም። በአብዛኛው በረራ አንድ ሻንጣ የሚፈቀድለት 23 ኪሎ ነው፤ አንድ ጂንስ ሱሪ ብቻውን ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል። የተረፈው ቦታ ለበርበሬውና ለሽሮው ይሁን፤ እመነኝ፣ ኅዳር ላይ ከአራተኛው ሱሪ ይልቅ የምትፈልገው እሱን ነው። ቅቤ ግን አትጫን፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ በመንገደኛ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም።

«ተወልጄ ያደግሁት ሱሉልታ ነው። የጥቅምትን ውርጭ በአንድ ጃኬት ነው የምወጣው። ስዊድን ስሄድ ይህን ያህል መጨነቅ አለብኝ?» (ከሱሉልታ)

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚሄደው ነውና። የሱሉልታ ብርድ ንጋት ላይ አጥንት ይሰብራል፤ አራት ሰዓት ገደማ ግን ፀሐይዋ ታባርረዋለች። ስቶክሆልም ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ወጥታም ሳለች አታሞቅም።

ከብርዱ መጠን በላይ አለባበስህን የሚለውጠው ግን ቤቱ ነው። እኛ ቤታችንን አናሞቅም። ሱሉልታ ሹራብህን ለብሰህ ትወጣለህ፣ ለብሰህ ትገባለህ፣ አንዳንዴም ለብሰኸው ትተኛለህ። እዚያ ውጭው ከዜሮ በታች ሆኖ ክፍሉ፣ አውቶብሱ፣ ሱቁ ሁሉ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ወፍራም ሹራብ ከጃኬት ሥር ለብሰህ የተሞቀ ባቡር ውስጥ ግማሽ ሰዓት ስትቆም ያልብሃል፤ ስትወርድ ላቡ ላይህ ላይ ይቀዘቅዛል። ከእኛ አገር የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን ክረምት በጉንፋን የሚያሳልፍ ይመስለዋል፤ አንዳንዴ ግን የሚሰማው ይሄ ከላብ በኋላ የሚመጣ ብርድ ነው።

መፍትሔው መደረብና ማውለቅ ነው። ከገላህ የሚነካው ስስ ይሁን፣ መሐል ላይ ሹራብ፣ ከላይ ንፋስና ዝናብ የሚከለክል ጃኬት። የሚያሞቅህ በልብሶቹ መካከል የሚታሰረው አየር ስለሆነ ሦስት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል፤ ሲሞቅህም አንዱን ታወልቃለህ። ከሥር የሚለበሰው ጥጥ ባይሆን ይመረጣል። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም። የበግ ፀጉር ግን ትንሽ ቢረጥብም ሙቀት አይከለክልህም፤ ጠረንም ቶሎ አይይዝም።

ሹራብ ስትገዛ አንድ ነገር አድርግ። ገልብጠህ በግራ ጎኑ ስፌት ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ጨርቅ አንብብ። ፊት ለፊቱ ላይ የበግ ፀጉር ይመስላል፤ ጨርቋ ላይ ግን 80 ከመቶ አክሪሊክ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ክር፣ ይላል። አክሪሊክ በጥቂት እጥበት ብብቱ ሥር ትንንሽ የክር ኳሶች ያወጣል፣ ንፋስ ሲነካውም ያለበስክ ያህል ነው። እኛ አገር ሰልባጅ ውስጥ አንዳንዴ ንጹህ የበግ ፀጉር ሹራብ ይገኛል፤ ሻጩ ራሱ ሳያውቀው ከሌላው ጋር እኩል ይሸጠዋል። ካገኘህ አትለፈው፤ ግን ወደ ብርሃን አውጥተህ የብል ቀዳዳ እንዳለው ፈትሽ፣ ብብቱንና ክርኑን እይ።

«ልጄ ከሚስቱ ጋር ሊኖር ካናዳ፣ ኤድመንተን ይሄዳል። አጎቱ ወፍራም የቆዳ ጃኬት ሊገዛለት ነው። እኔም ሁለት ጋቢ አሠርቼለታለሁ፤ እሱ ግን ‹እዚያ ጋቢ ማን ይለብሳል› ይለኛል። ይተወው ወይ?» (እናት፣ ከለገጣፎ)

እናቴ፣ አንዱን ጋቢ ይውሰድ። ልጅዎ መንገድ ላይ አይለብሰውም፤ እሱ ልክ ነው። ማታ ከሥራ ገብቶ ሲቀመጥ ግን ይደርበዋል፤ ሲያመው ይጠቀለልበታል። ሁለተኛው የሻንጣውን ግማሽ ስለሚበላ እርስዎ ዘንድ ይቆይለት፣ ለልጁ ልጅ ይደርሳል።

የቆዳ ጃኬቱን ነገር አጎቱን በአክብሮት ይንገሩልኝ። ኤድመንተን ጥር ላይ ብርዱ አንዳንድ ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወርዳል። ቆዳ ንፋስ ይከለክላል እንጂ ብቻውን አያሞቅም፤ ከበድ ይላል፣ በረዶ ሲቀልጥበትም ይበላሻል። አጎቱ ያሰበውን ገንዘብ በእጁ ቢሰጠው ልጅዎ እዚያው ራስ መሸፈኛ ያለው፣ እስከ ጭኑ የሚወርድ የክረምት ጃኬት ይገዛበታል። ከቆዳ ነገር ካልሰጠሁት ካሉ ጥሩ ቀበቶ ይግዙለት። ያን ዕድሜውን ሙሉ ይታጠቀዋል።

«ለሥራ ቃለ መጠይቅም ለሠርግም የሚሆነኝ አንድ ሙሉ ልብስ እፈልጋለሁ። ሰፈር ላስፋ ወይስ የተዘጋጀ ልግዛ?» (ከቡራዩ)

ሰፊውን ካወቅኸው አሰፋ፤ ካላወቅኸው የተዘጋጀ ገዝተህ እሱ ጋ አስተካክል። የተዘጋጀ ስትለካ መጀመሪያ ትከሻውን ብቻ እይ። ስፌቱ የትከሻህ አጥንት የሚያልቅበት ላይ መቆም አለበት። አልፎ ከሄደ ከእጅጌው አናት ላይ ጎድጎድ ይላል፤ በመዳፍህ ብታስሰው ባዶነቱ ይታወቅሃል። ትከሻ ማስተካከል ኮቱን ፈትቶ እንደ አዲስ መስፋት ስለሆነ እንዲህ ያለውን ሻጩ ምንም ቢቀንስልህ መልስ። ወገቡን ማጥበብ፣ እጅጌውን ማሳጠር፣ የሱሪውን እግር መቁረጥ ቀላል ነው። እጅህን አውርደህ ስትቆም የሸሚዝህ እጅጌ ከኮቱ ሥር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ይበል።

ሰፊውን ሁለት ነገር ለምነው። ሱሪው ከኋላ፣ ወገቡ መሐል ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ከውስጥ ይተውልህ፤ እግሩም ላይ እንዲሁ። በአዲስ አገር ሰው አንድም ይወፍራል፣ አንድም ይከሳል። ሌላው፣ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ አይምረጥልህ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ደብዛዛ ጨርቅ ከሆነ ኮቱን ብቻውን ከግራጫ ሱሪም ከጂንስም ጋር ትለብሰዋለህ፤ የሚያብረቀርቀው ግን ከራሱ ሱሪ ሌላ ከምንም ጋር አይስማማም። ለጉዞህ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጀምር፣ ሰፊ ቀጠሮ ማሸጋሸጉ አይቀርምና። የጥጥ ሱሪ ካለህ ደግሞ ከማሳጠርህ በፊት አንዴ እጠበው፤ ጥጥ ይሰበሰባል።

«ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። እዚያ ሙቀት ነው፣ ምን እይዛለሁ?» (ከቃሊቲ)

ያንተ ቀላል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ሳሳ ያለ የጥጥ ሸሚዝና ሱሪ ያዝ። አሠሪህ ዩኒፎርም ይሰጥ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ከሰጠ የሥራ ልብስ አትግዛ። የሱሉልታውን ልጅ ነገር አንተም ተገልብጦ ታገኘዋለህ፤ ውጭው እሳት፣ ውስጡ በማቀዝቀዣ ብርድ ነው። አንድ ስስ ሹራብ ከእጅ ሻንጣህ አትለይ።

«የአገራችንን የቆዳ ጫማ እወዳለሁ። አውሮፓ ላይ ይበረክታል? ወይስ ስኒከር ብቻ ይዤ ልሂድ?» (ከኮዬ ፈጬ)

የኮዬን የክረምት ጭቃ የቻለ ጫማ ብዙ ነገር ይችላል። አንድ የቆዳ ጫማና አንድ ንጹህ፣ ብዙ ቀለም የሌለው ስኒከር ያዝ። ቡናማ ቆዳ ከጂንስም ከግራጫም ጋር ይሄዳል። ጫማ ልትገዛ ሸራ ተራ ስትሄድ ጫማውን ከመሐሉ ጎንበስ አድርገህ ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበትን ጠርዝ ተመልከት። ማስቲሽ ብቻ ከሆነ ስስ መስመር ይከፈታል፤ ዙሪያውን የተሰፋ ከሆነ ክሩ ይታይሃል። የተሰፋውን ውሰድ፣ ሶሉም ጎማ ይሁን። የቆዳ ሶል በረዶ ላይ ያንሸራትታል።

ቆዳ በቀን የጠጣውን ላብ ለማድረቅ አንድ ቀን ስለሚፈልግ ሁለቱን ጫማዎች አፈራርቃቸው። ማታ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት። በብዙ ከተሞች በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨው ቆዳ ላይ ነጭ መስመር ይተዋል፣ ሲቆይም ይሰነጥቀዋል። ቤት ስትገባ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ማሞቂያ አጠገብ ግን አታድርቀው። የበግ ቆዳችን ለጓንት በዓለም የታወቀ ስለሆነ፣ ለጀርመን ወይም ለጣሊያን የሚሆን ገበር ያለው የቆዳ ጓንት ከዚህ ብትይዝ አትጸጸትም።

«የባህል ልብስ ስንት ይበቃል? ባለቤቴ ዋሽንግተን ነው የሚኖረው፤ ሲመጣ ከሽሮ ሜዳ ሦስት ገዝቼ ልሰጠው ነው።» (ከአያት)

እህቴ፣ አንድ ጥሩ ይበቃዋል፤ የሦስቱን ዋጋ በአንዱ ላይ አውይው። ጥለቱ ቀጭን፣ ሸሚዙ ሰፋ ያለ ይሁን። እንቁጣጣሽ በእነሱ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 12 ስለሚውል አየሩ ገና ሞቃት ነው፤ ጃንዋሪ 7 ገናን ሊያከብር ሲወጣ ግን ይበርዳል። ሸሚዙ ሰፋ ካለ ከሥሩ የክረምት የውስጥ ልብስ ይገባለታል። ተለክቶ የጠበቀ ከሆነ ግን ላዩ ላይ ጃኬት ደርቦ ጥለቱን ይሸፍነዋል። ነጠላ ጨምሪለት፤ ቦታ አይፈጅም።

«ከረባት ልያዝ?» (ከሰበታ)

አንድ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ጠቅልለህ ጫማህ ውስጥ ክተተው።

«እዚያ ሆኜ በኦንላይን ስገዛ ቁጥሬን እንዴት አውቃለሁ?» (ከለቡ)

ከመሄድህ በፊት ልብስ ሰፊህ ጋ ቁምና የደረትህን፣ የወገብህን፣ የአንገትህንና የእጅጌህን ልክ፣ የሱሪህንም የውስጥ ርዝመት በሴንቲ ሜትርም በኢንችም ያስጽፍልህ። የጀርመንና የጣሊያን የኮት ቁጥር የደረት ዙሪያ ግማሽ ነው፤ ደረትህ 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቁጥርህ 50 ነው። እንግሊዝና አሜሪካ በኢንች ስለሚቆጥሩ ይኸው ኮት 40 ይባላል። ጂንስ ሱሪ ላይ 32/34 የሚል ስታይ የመጀመሪያው ወገብ፣ ሁለተኛው የእግር ርዝመት ነው፣ ሁለቱም በኢንች። ወረቀቱ ይጠፋልና ፎቶ አንስተህ ስልክህ ላይ አስቀምጠው።