ሰባት ዶላር አንቀበልም ስላሉት ወዶ ዘማቾች

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት ከሂሳብ መዝገብና ከፔሮል ጋር ነው። ታሪክ ሳነብም ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ደመወዙ ላይ ነው። ለማን ስንት ተከፈለ? ከማን ተቆረጠ? በምን ስም? እናንተ አሁን የመጀመሪያ የሥራ ውላችሁን የምትፈርሙበት ዕድሜ ላይ ናችሁ። ስለዚህ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለተዋጋው የጥቁር ወታደሮች ክፍል፣ ስለ ማሳቹሴትስ 54ኛ እግረኛ ሬጅመንት፣ ልጽፍላችሁ ወደድኩ። አሜሪካ ያደጋችሁት ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ግን አንድ ምሽግ ለመያዝ ስላደረጉት ውጊያ ነው። እኔ ትልቁ ጀግንነት ደመወዙ ላይ ነው ባይ ነኝ። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጦርነቱ በ1861 ሲጀመር የመንግሥቱ መደበኛ ጦር ትንሽ ነበር። ስለዚህ ክፍለ ግዛቶች ወዶ ዘማች እንዲያዋጡ ተጠየቁ። አንድ የእግረኛ ሬጅመንት አሥር ሻምበል አለው፤ ሲሞላ ሺህ ሰው ገደማ ነው። መጠሪያው የክፍለ ግዛቱ ስምና ተራ ቁጥሩ ነው። ጥቁሮች ገና ከጅምሩ እንዝመት ብለው ነበር፤ አይሆንም ተባሉ። በሩ ወለል ብሎ የተከፈተው ፕሬዚዳንት ሊንከን ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የባሮችን የነጻነት አዋጅ ሲያውጅ ነው። የማሳቹሴትስ ገዥ ጆን አንድሩ ጊዜ አላጠፋም፤ ፈቃድ አግኝቶ ምልመላ ጀመረ። እዚያ የሚኖሩት ጥቁሮች ጥቂት ስለነበሩ ሰው ከፔንሲልቬንያ፣ ከኒውዮርክ፣ ከኦሃዮ፣ ከካናዳ ሳይቀር መጣ። ከባርነት ያመለጠው ታዋቂ የነጻነት ተሟጋች ፍሬድሪክ ዳግላስ ለምልመላው ከመቀስቀስ አልፎ ሁለት ልጆቹን ሉዊስንና ቻርልስን አስመዘገበ። ከዘማቾቹ ገበሬ አለ፣ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ መርከበኛ አለ። አብዛኞቹ ነጻ ሆነው የተወለዱ ናቸው፤ በባርነት ያለፉም ነበሩባቸው። አዛዣቸው የ25 ዓመቱ ነጭ ኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾው ነው።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ሲፈርሙ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር። ባርነትን ይዘው ከአገሪቱ የተገነጠሉት የደቡብ ክፍለ ግዛቶች መንግሥት የሚማረክ ጥቁር ወታደር እንደ ምርኮኛ እንደማይቆጠር አስታውቆ ነበር። ዕጣው ባርነት ወይም ሞት ነው። ይህንን እያወቁ ፈረሙ። የተገባላቸው ቃልም ግልጽ ነበር፦ እንደማንኛውም ወታደር በወር 13 ዶላር።

ሜይ 28 ቀን ከቦስተን በመርከብ ወደ ደቡብ ተጓዙ። ጁላይ 18 ቀን ምሽት በደቡብ ካሮላይና፣ ሞሪስ ደሴት ላይ፣ ፎርት ዋግነር የተባለውን ምሽግ ለማጥቃት ከፊት ተሰለፉ። 600 ያህል ሰው ገባ። ከ270 በላይ የሚሆነው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም የደረሰበት ጠፋ። ሾው እዚያው ወድቆ ቀረ። ሃምሳ አለቃ ዊሊያም ካርኒ ሰንደቅ ዓላማውን አንስቶ፣ ደጋግሞ ቆስሎም፣ መሬት ሳያስነካው ይዞት ተመለሰ። ምሽጉ ያን ዕለት አልተያዘም። ጥቁር አይዋጋም ይሉ የነበሩት ግን አፋቸው ተያዘ።

አሁን ወደ ደመወዙ እንምጣ።

የጦሩ ደመወዝ ከፋይ መጣና የናንተ 10 ዶላር ነው አለ። ከዚያ ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጣል። እጅ የሚገባው 7 ዶላር ነው። ነጩ ተራ ወታደር 13 ዶላሩን ይወስዳል፤ የልብስ አበሉም በላዩ ላይ ነው። ለጥቁሩ ማዕረግ እንኳ አይቆጠርለትም፤ ሃምሳ አለቃውም ተራ ወታደሩም ያው ሰባት። ይህ የመጣው በጁላይ 1862 ከወጣ ሕግ ነው። ሕጉ ሲወጣ በዋናነት የታሰበው ምሽግ ለሚቆፍሩና በጦር ሰፈር ጉልበት ለሚሠሩ፣ ከባርነት ለወጡ ሰዎች ነበር። የጦር ሚኒስቴሩ ይኸው ሕግ ለ54ኛውም ይሠራል ብሎ ወሰነ።

በፔሮል ላይ የሚታይ ጉድለት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የቁጥር ስህተት ነው፤ ይታረማል፣ ያልፋል። ሌላው ሰውየው የተመደበበት መደብ ነው። እዚህ ጋ 6 ዶላር የጎደለው ወታደር ብለው ያስፈረሟቸውን ሰዎች በጉልበት ሠራተኛ መደብ ስለመዘገቧቸው ነው። ሰዎቹ ይህ ወዲያው ገባቸው። በጄ አላሉም። ከፋዩ በተመላለሰ ቁጥር አንነካም አሉት። ሾው ራሱ ከመሞቱ በፊት፣ ወይ ሙሉውን ይከፈላቸው ወይ ይሰናበቱ ብሎ ለገዥው ጽፎ ነበር።

ከመካከላቸው ጄምስ ሄንሪ ጉዲንግ የሚባል አስር አለቃ ነበር። ከመዝመቱ በፊት ዓሣ ነባሪ በሚያድኑ መርከቦች ላይ ይሠራ ነበር። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1863 ከሞሪስ ደሴት ሆኖ በቀጥታ ለፕሬዚዳንት ሊንከን ጻፈ። ደብዳቤውን ፈልጋችሁ አንብቡት። አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ ከዚያ የተሻለ ማስተማሪያ አላየሁም። አይሳደብም፣ አያለቃቅስም። መጀመሪያ ከፋዩ ምን እንዳላቸው ይናገራል። ከዚያ ጥያቄውን ያፈርጠዋል፦ እኛ ወታደሮች ነን ወይስ የጉልበት ሠራተኞች? ቀጥሎ የሠሩትን ያስቆጥራል፤ የፈሰሰውን ደም ያነሳል። የወታደር ግዴታ ከተወጣን የወታደር ደመወዝ ለምን አናገኝም ይላል። እናንተም አለቃችሁ ዘንድ ስትገቡ የተገባላችሁን ቃል፣ የሠራችሁትንና የምትጠይቁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ግቡ። ለጓደኛ በቴሌግራም የተላከ ምሬት የትም አያደርስም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እኔን በጣም የሚደንቀኝ። በ1863 መጨረሻ ገዥው አንድሩ የክፍለ ግዛቱን ምክር ቤት አስወስኖ፣ ልዩነቱን ማሳቹሴትስ ከራሷ ካዝና ትሞላለች አለ። ሰዎችም ደሴቱ ድረስ ተላኩ። በቁጥር ካየነው ነገሩ አልቆ ነበር፤ 7 እና 6፣ 13 ነው። ወታደሮቹ አመሰገኑ፤ ግን እንቢ አሉ። ባለዕዳው ማሳቹሴትስ አይደለችም። ያስማላቸው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ መክፈል ያለበትም እሱ ነው። ወዳጅ ጉድለቱን ከሞላው መዝገቡ የተዘጋ ይመስላል፣ የተመደቡበት መደብ ግን እንደተበላሸ ይቀራል። ስንቱ የተማረ ሰው ይህን ልዩነት አያየውም! እነሱ በጦር ሜዳ፣ ባዶ ኪስ ይዘው አዩት።

ዋጋው ከባድ ነበር። ሚስቶቻቸው ልጆች ይዘው ተቸገሩ፤ ድሆች መጠለያ የገቡም ነበሩ። ይህን ስላችሁ ደመወዛችሁን ወርውሩት ማለቴ አይደለም። የቤት ኪራይ አለባችሁ፤ አገር ቤት እጃችሁን የምትጠብቅ እናት አለች። የምለው፣ ጥያቄ ካላችሁ ከባልደረቦቻችሁ ጋር ሆናችሁ ጠይቁ፤ ከመጠየቃችሁም በፊት ሊመጣ የሚችለውን አስቡት። በፌዴራሉ ጦር ውስጥ ሌላው የጥቁሮች ክፍል በሆነው በ3ኛው የደቡብ ካሮላይና ሬጅመንት የነበረው ሃምሳ አለቃ ዊሊያም ዎከር ጓደኞቹን አስከትሎ በአዛዡ ድንኳን ፊት መሣሪያ አስቀመጠ። ደመወዛችን ካልተስተካከለ አናገለግልም ነው ነገሩ። አመፅ ነው ተብሎ በፌብሩዋሪ 1864 በጥይት ተገደለ። ጥያቄው ከ54ኛው ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ዎከር ጥፋተኛ ነበር ለማለት አፌን አልሞላም። 54ኛዎቹ ግን ጠመንጃቸውን ሳይለቁ ገንዘቡን ብቻ ነው እንቢ ያሉት፤ ይህም ለከሳሽ በር አልከፈተም።

በዚያው ወር፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ኦለስቲ ላይ ሌላ ከባድ ውጊያ ገጠማቸው። ሲገቡ «ማሳቹሴትስና በወር ሰባት ዶላር!» እያሉ ይፎክሩ እንደነበር ይነገራል። ውጊያው ሽንፈት ሆነ። የሚያፈገፍገውን ጦር ከኋላ ሆነው የሸፈኑት እነሱ ነበሩ። ቁስለኛ የጫነው ባቡር ሞተሩ ተበላሽቶ ሲቆም ወደ ኋላ ተመልሰው፣ ገመድ አስረው፣ ባቡሩን በእጃቸው ጎተቱት። ይህን ሲያደርጉ አንድ ሳንቲም ደመወዝ አልበሉም። ደብዳቤ ጸሐፊው ጉዲንግ እዚያ ቆስሎ ተማረከ። ጁላይ 1864 አንደርሰንቪል በተባለው የደቡቦቹ የምርኮኞች እስር ቤት ሞተ።

ኮንግረሱ ደመወዙን ያስተካከለው በጁን 1864 ነው። ሕጉ ግን አሁንም እሾህ ነበረበት። ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ ያለው ሙሉ ክፍያ የተፈቀደው ከኤፕሪል 19 ቀን 1861 በፊት ነጻ ለነበሩት ብቻ ነው። ታዲያ በባርነት ያለፉት ጓደኞቻቸውስ? ከሾው በኋላ አዛዥ የሆነው ኤድዋርድ ሃሎዌል መላ ዘየደ። እያንዳንዱ ወታደር፣ ከዚያ ቀን በፊት ለማንም ሰው ያለ ክፍያ የመሥራት ዕዳ አልነበረብኝም ብሎ እንዲምል አደረገ። በባርነት የኖረውም ቢሆን በእግዚአብሔር ፊት ለጌታው ምን ዕዳ አለበት? ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ማለ። ዘመኔን ሙሉ ካየኋቸው ቅጾች ሁሉ እንዲህ በጥበብ የተዘጋጀ አላጋጠመኝም።

ገንዘቡ በሴፕቴምበር 1864 መጨረሻ መጣ፤ ከጉዲንግ ደብዳቤ ልክ አንድ ዓመት በኋላ። የ18 ወር ደመወዝ ለአንድ ተራ ወታደር 234 ዶላር ይሆናል። ለሬጅመንቱ በጠቅላላ 170 ሺህ ዶላር ገደማ ተከፈለ። ከ53 ሺህ በላዩ ወዲያው ወደየቤታቸው ተላከ። ደመወዝ በገባ ማግስት ሐዋላ ቤት የምትሰለፉት ይህን ቁጥር ያለ እኔ ማብራሪያ ትረዱታላችሁ።

ደመወዙ ተስተካክሎም የማዕረግ እድገት ጥያቄ ገና አልተፈታም ነበር። እናንተም ገንዘቡ ሲስተካከል ዝም አትበሉ፤ የእድገት መሰላሉን ጠይቁ። ኦለስቲ ላይ የቆሰለውን ሃምሳ አለቃ ስቲቨን ስዌልስን ገዥው አንድሩ በ1864 ምክትል መቶ አለቃ አድርጎ ሾመው። የጦር ሚኒስቴሩ የአፍሪካ ተወላጅ ነው ብሎ ሹመቱን መለሰው። አዛዦቹም ገዥውም አልተዉትም፤ እየተመላለሱ ጠየቁ። በጃንዋሪ 1865 ጸደቀ። በዚያው ዓመት ፒተር ቮግልሳንግና ፍራንክ ዌልች ተከተሉት። ስዌልስ ከጦርነቱ በኋላ ደቡብ ካሮላይና ቀርቶ የክፍለ ግዛቱ ሴናተር ሆነ።