ጊታሩ የት ሄደ?

ባለፈው ሰሞን ግሽ ዓባይ ገበያ አካባቢ ሁለት ልጆች አስቆሙኝ። አንዱ ጊታር አዝሏል፣ ሌላው ላፕቶፕ ታቅፏል። «ጋሼ፣ የሠራነውን ይስሙልን» አሉኝ። ወደ ቤት በሚወስደኝ ባጃጅ አብረን ገባን። ሾፌሩ ፍላሹን ሰካልን። ጊታር አለ፣ የዳንስ ቢት አለ፣ ማሲንቆም አለ። ስወርድ «እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ጥሩ ነው፣ ግን ይጨናነቃል» አልኳቸውና ሄድኩ።

ፊታቸው ቅር ሲለው አይቻለሁ። ማታ እኔንም ቅር አለኝ። ሠላሳ ዓመት በጊታርና በድምፅ ሥራ የኖረ ሰው ከዚያ የተሻለ መልስ ሊኖረው ይገባ ነበር። ይኸው፣ ለእናንተም ጊታርና ላፕቶፕ ለማጋባት ለምትታገሉት ሌሎችም ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

በ1986 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ሊድ ጊታር እጫወት ነበር። አምስት ነበርን። ጀርመን የሚኖር የአክስቴ ልጅ አንድ ካሴት ላከልኝ። ሽፋኑ ቀይ ነው፤ መሃሉ ላይ ዓይኗ የፈጠጠ ፀሐይ ተሥላለች። ፕራይማል ስክሪም የሚባል የስኮትላንድ ባንድ ነው፣ አልበሙ ስክሪማዴሊካ ይባላል። ሮክ ነው ስለተባልኩ ጓጉቼ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ዘፈን ጊታር በጊታር ነው። ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ጊታሩ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ቦታውን ዱም ዱም የሚል ማሽን ይወስድበታል። «ጊታሩ የት ሄደ?» ብዬ ካሴቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

መልሱን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1991 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1984፣ ደርግ ከወደቀ አራት ወር ሲሆነው ማለት ነው። የባንዱ ልጆች ከዚያ በፊት ሁለት አልበም ሠርተዋል፤ ሁለቱም የጊታር ሮክ ናቸው፣ ብዙም አልተወራላቸውም። ከሁለተኛው አልበም ላይ አንድ ቀዝቃዛ የፍቅር ዘፈን መርጠው አንድሪው ዌዘሮል ለሚባል ዲጄ ሪሚክስ እንዲሠራላቸው፣ ማለትም በራሱ መንገድ እንደገና እንዲያቀናብረው ሰጡት። ዌዘሮል ያኔ ስቱዲዮ ብዙ አያውቅም። መጀመሪያ የሠራው ዘፈኑን ላለመንካት እየተጠነቀቀ ነበር። «ይህ አይበቃም፣ አፈራርሰው» ያለው ማን ይመስላችኋል? የባንዱ ጊታሪስት አንድሪው ኢነስ ነው። ጊታሪስቱ ራሱ!

ዌዘሮልም አፈራረሰው። ከዋናው ዘፈን ጥቂት ቁራጭ ብቻ አስቀረ። የድራም ምቱን ከሌላ ሰው ሙዚቃ ወሰደ፣ መግቢያው ላይ ከአንድ እ.ኤ.አ. የ1966 ፊልም የሰው ንግግር ቆርጦ ለጠፈ። «ሎዲድ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣና ባንዱ እስከዚያ ያላየውን ዝና አመጣለት። አልበሙ የተገነባው በዚያ ዘፈን መንፈስ ነው። አልበሙ በወጣ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ የእንግሊዝ ሜርኩሪ የሙዚቃ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የወሰደው ይኸው አልበም ነው።

እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ሽልማቱ አይደለም። የባንዱ ዘፋኝ ቦቢ ጊሌስፒ ነው። አንደኛው ዘፈን ላይ ግን የምትዘፍነው እሱ ሳይሆን ዴኒስ ጆንሰን የምትባል ሴት ናት። በራስህ አልበም ላይ ዘፋኙ አንተ ሆነህ ማይኩን ለሌላ ሰው መልቀቅ! እኛ አገር ቢሆን ባንዱ የሚፈርሰው በዚያ ቀን ነበር። ደግሞ ሁሉንም ነገር ለማሽን አስረክበው አልወጡም። ያን ደስ ያለኝን የመጀመሪያ ዘፈን ያሠሩት በጂሚ ሚለር ነው፤ ቀደም ሲል የሮሊንግ ስቶንስን አልበሞች ፕሮዲውስ ያደረገ ሰውዬ። ጊታር የሚያስፈልግበት ቦታ የጊታር ሰው፣ ዳንስ የሚያስፈልግበት ቦታ የዳንስ ሰው ጠሩ።

እኔ በዚያ ዘመን ምን ሳደርግ ነበር? ሳኮርፍ። በ1988 ዓ.ም. የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ኪቦርድ ገዛ። ድራሙም ቤዙም ጥሩምባውም እዚያ ውስጥ አለ፣ አንድ ሰው ይበቃል ተባለ። አራታችን ተሰናበትን። ማሽን የሚባል ነገር ጠላሁ። እንጀራዬን ስለወሰደብኝ እንጂ ድምፁን በቅጡ ሰምቼው አልነበረም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ ዘፋኝ ለካሴት ሥራ ጠራኝ። ሙዚቃው በኪቦርድና በድራም ማሽን አልቋል፤ ትንሽ ጊታር ጣል እንዳደርግበት ነው የተፈለገው። እልህ ያዘኝ። ጊታር ምን እንደሆነ ላሳያቸው ብዬ ሰባት ዘፈን ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳላርፍ ተጫወትኩ። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ እኔ እገባለሁ፣ ዋሽንቱ ሲገባ እኔም አለሁ። አቀናባሪው «ወንድሜ፣ ግማሹን እናውጣው» ሲለኝ «አንዲት ኖታ አትወጣም» አልኩት። ካሴቱ ሲወጣ አንዲትም ኖታዬ የለችበትም። ማር ሲበዛ ይመራል ይባል የለ። ለዓመታት ተበደልኩ ስል ኖርኩ። ልክ የነበረው ግን አቀናባሪው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ዘፈን ልመለስ።

ማሲንቆ ተጫዋቻችሁ ጎበዝ ነው። የተጫወተው ችክችካ ነው። ችክችካ ስድስት ለስምንት ነው፤ እያንዳንዱ ምት በሦስት ይከፈላል። እናንተ ግን ላፕቶፑ ላይ ምቱን በአራት የሚከፍለውን መስመር አስቀምጣችሁ፣ ፕሮግራሙ «ያስተካክለው» ብላችሁ የልጁን እጅ ወደ መስመሩ ጎትታችሁታል። ተስተካከለ ያላችሁት ነው አንካሳ የሆነው። ትከሻ ሊነቃነቅ ይልና ይተወዋል። መስመሩን ትሪፕሌት አድርጉት፣ ማለትም በሦስት ክፈሉት። ድራሙ እንደ ዳንስ ልማዱ ዱም ዱም ዱም ዱም ይበል፤ ከአንዱ ዱም እስከ ቀጣዩ ሦስት እርምጃ ይኑር። ያን ጊዜ እስክስታውም ክለቡም አንድ ቤት ያድራሉ። ከዚያ ደግሞ ማስተካከያውን አጥፉትና ልጁን እንደገና ቅዱት። ትንሽ ወደኋላ ቢል ተዉት። አዝማሪ ቤት ሰው የሚጨፍረው ለዚያች ትንሽ መዘግየት ነው።

የድራሙ ዱምታ ባጃጅ ውስጥ አልተሰማም። የባጃጅ ስፒከር ትንሽ ስለሆነ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ እምብዛም አያወጣም። ቤዝ ጊታሩም እዚያው ታች ነው የተቀመጠው። ትልቅ ስፒከር ላይ ሁለቱ ይጋፋሉ፣ ባጃጅ ላይ ሁለቱም ይጠፋሉ። ዱምታው ሲመታ ቤዙን ለአፍታ ዝቅ የሚያደርግ ሳይድቼይን የሚባል ዘዴ አለ፤ ተጠቀሙበት። ዱምታው ላይ ደግሞ ጠቅ የምትል ቀጭን ድምፅ ጨምሩ። ትንሽ ስፒከር የሚይዘው እሷን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ሙዚቃ የሚሰማው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሚክሱን ሳትጨርሱ ባጃጅ ላይ ሞክሩት።

ጊታሩስ? ጊታሩ እኔን ነው የመሰለኝ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መባቻ። አያርፍም። በዚያ ላይ ከማሲንቆው ጋር አንድ ዜማ እየተከተለ ነው። ማሲንቆ እንደ ጊታር አንገቱ ላይ ድምፅ የሚለዩ ብረቶች፣ ፍሬት የሚባሉት፣ የሉትም፤ ድምፁ ጣት ያረፈበት ቦታ ነው። ጊታር ኦክታቩን፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳዩ ያለውን ርቀት፣ 12 ቦታ ቆርጦ አስቀምጦታል። የአንቺሆዬን ቅኝት አብረው ሲይዙ አንዱ የሌላውን ያጣመመ ይመስላል። ማሲንቆው ዜማውን ሲይዝ ጊታሩ እጁን ያንሳ። ወይም አንድ ኮርድ ይምታና እስኪሞት ይተወው።

«የፈረንጅ ምሳሌ ብቻ» እንዳትሉኝ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና ድራም ማሽን ብቻውን ይዞ የቀዳትን ካሴት ስሙ። ባዶ ቦታዋ ነው የሚጫወተው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትማ ዓለም ሲያጨበጭብላት ሰውዬው ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። በዚህ ዘመን ደግሞ ጃኖ ባንድ በ«ኤርታሌ» አልበሙ ሮኩን ከእኛ ቅኝት ጋር ሞክሮታል፤ ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. በ«ነጸብራቅ» አልበሙ የዳንሱን በኩል ወስዶታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስሙ። መሃላቸው ሰፊ ቦታ አለ፤ እናንተ ያላችሁት እዚያ ይመስለኛል።

ማክሰኞ ከሰዓት ቤት ነኝ። ፋይሉን ስታመጡ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ አውጡልኝ። ማሲንቆ ተጫዋቹም ይምጣ። ላፕቶፑን ሞልታችሁ ኑ፣ የእኛ ሰፈር መብራት አይታመንም። ያቺን ቀይ ካሴት ከመሳቢያ አውጥቻታለሁ። ማጫወቻዬ ግን ቀበቶው ተበጥሷል። የሚሠራ ቴፕ ያለው ሰው ካወቃችሁ እሱንም ተውሳችሁ ኑ።