ስልኩ 512 ይላል፣ ደብተሩ 370፤ የትኛውን ልመን?

ከመሐል ሜዳ አንዲት መምህርት ጽፋልኛለች። «ጋሼ፣ በቶልኪን ልቦለድ ውስጥ ፍሮዶ የተጓዘውን መንገድ እዚሁ መንዝ ሆኜ በእግሬ እየጨረስኩ ነው። የተራመድኩትን ኪሎ ሜትር ካርታው ላይ እያሰፈርኩ፣ ዛሬ እዚህ ደረስኩ እላለሁ። 60 ቀን ሆነኝ። ጠዋት ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት እሄዳለሁ፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኩ ያሳየኝን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ስደምረው ደብተሩ 370 መጣ። እርምጃ ቆጣሪው አፕ ግን 512 ይላል፣ የእጅ ሰዓቴ 398። ፍሮዶ መንገድ ላይ የሚያርፍበት ሪቨንዴል ደግሞ 458 ላይ ነው አሉኝ። ደርሻለሁ ወይስ አልደረስኩም?»

አልደረስሽም እህት ዓለም። ቁርጡን መጀመሪያ ልንገርሽ ብዬ ነው።

458 ያሉሽ ማይል ነው። የልቦለዱን ካርታ ተከትለው ርቀቱን ያሰሉት ሰዎች ሁሉንም በማይል ነው ያስቀመጡት፤ ጉዞው ከሚነሳበት ከሆቢተን ሪቨንዴል 458፣ ጠቅላላው ጉዞው እስከሚያልቅበት እሳተ ገሞራ ተራራ 1,779። አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ሪቨንዴል 737 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ መጨረሻው ደግሞ 2,863 አካባቢ። ይቺን ደብተርሽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፊያት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ደብተርሽና አፑ የሚያነቡት አንድ ስልክ ነው፣ ታዲያ 142 ኪሎ ሜትር የት ገባ? ይሄ ነገር ከነከነኝና መልሼ ጻፍኩላት፤ ስልክሽ አሁን ስንት ሰዓት ይላል አልኳት። ጠዋት ነበር። «3 ከሩብ» አለችኝ። በቃ፣ እሱ ነው።

ደብረ ብርሃን ሱቄ ከሚመጡት ስልኮች ብዙዎቹ እንዲህ በኛ ሰዓት የተሞሉ ናቸው። ሰው ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልስና ይገላገላል። ለማየት ይመቻል፣ እኔም እረዳለሁ። ግን ስልኩ ውስጥ ቀን የሚለወጠው ስልኩ ራሱ እኩለ ሌሊት ነው ብሎ ሲያምን ነው፣ አንቺ ጋ ደግሞ ያ የሚሆነው ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ልክ መንገድ ላይ እያለሽ ነው። ከ11 ተኩል እስከ 12 የሄድሽውን ግማሽ ሰዓት ስልኩ የትናንት አድርጎ ይመዘግበዋል፤ የትናንቱን ደግሞ አንቺ ማታ 3 ሰዓት ላይ ጽፈሽ ዘግተሻል። አፑ ይዞታል፣ ደብተሩ አያውቀውም። በቀን ሁለት ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ 60 ቀን ሙሉ። 142ቱ ይኸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዴት ኤንድ ታይም ግቢና አውቶማቲክ አድርጊው፣ የሰዓት ክልሉ ጂኤምቲ ፕላስ 3 መሆኑን እይ። የኛን ሰዓት ማየት ከፈለግሽ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጫኚና ፊት ለፊት አድርጊው። ለውጡን ግን ቀትር አካባቢ አድርጊ፣ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ሲዘል ቀኑ አብሮ እንዳይዘል። ከዚያ በኋላ ማታ መጻፉን ተይው። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት የትናንቱን ጻፊ፣ ያኔ ቀኑ ተዘግቷል።

የእጅ ሰዓቱ ለምን አነሰ? ጋቢ ትለብሻለሽ አይደል? በመሐል ሜዳ ብርድ በዚያ ሰዓት ያለ ጋቢ ማን ይወጣል! የእጅ ሰዓት እርምጃ የሚቆጥረው በእጅ መወዛወዝ ነው፤ እጅሽ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ እግርሽ ቢሄድም እሱ ብዙውን አያየውም። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ ስልኩን ያዢ፣ ሰዓቱን ተይው። ሁለቱን አንድ አፕ ላይ አገናኝተሽ ከሆነ አንዱን አላቅቂ፣ አንዳንዱ አፕ ደርቦ ይቆጥራል። ጠጠር መንገድ ላይ ሚኒባስ ስትሳፈሪም ቆጠራውን አቁሚው፣ መንገጫገጩን እርምጃ ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል።

ግን 512ቱም እውነት አይደለም። አፑ ላይ የእርምጃ ርዝመትሽ 75 ሳንቲሜትር ተብሎ እንደተሞላ ነግረሽኛል፣ አንቺም አልለካሽውም። ስልክ እርምጃ ነው የሚቆጥረው፣ ኪሎ ሜትሩን የሚያገኘው በዚያ ቁጥር አባዝቶ ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ሁሉም ተሳሳተ።

ስለዚህ ለኪው። ከግንበኛ 50 ሜትር የሚሆን ሜትር ተዋሺና የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሁለቴ ዘርግተሽ 100 ሜትር ምልክት አድርጊ። ሁልጊዜ የምትሄጂበትን ጫማ አድርጊ፣ እንደ ወትሮሽ ሂጂ፣ ሆን ብለሽ እግርሽን አታስረዝሚ። እርምጃውን በአፍሽ ቁጠሪ፣ ስልኩን አትመኚ። ሦስት ጊዜ አድርጊና አማካዩን ውሰጂ። 154 ከመጣ እርምጃሽ 65 ሳንቲሜትር ነው ማለት ነው፣ ያንን አፑ ላይ ሙዪው። ዳገት ላይ እርምጃ ያጥራል፣ መንዝ ደግሞ ዳገቱ አይጠፋም፤ መንገድሽ ብዙውን ዳገት ከሆነ እዚያው ዳገቱ ላይ ደግመሽ ለኪ።

ይሄን ሁሉ የምልሽ ልዩነቱ ትንሽ ስላልሆነ ነው። 65 ሆኖ በ75 ከተቆጠረልሽ፣ አፑ 2,863 ጨረስሽ ብሎ እንኳን ደስ አለሽ ሲልሽ በእግርሽ የሄድሽው 2,481 ገደማ ነው። 382 ኪሎ ሜትር ይጎድላል፤ ከአዲስ አበባ ደሴ ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው መንገድ ማለት ነው።

እስካሁን ያለውን አትሰርዢው፣ ላብሽ ነው። 512ን በ65 አባዢ፣ ለ75 አካፍይ፤ 444 ይመጣል። ልኬትሽ ሌላ ከሆነ በ65 ፈንታ ያንን አስገቢ። 444 ከሆነ ሪቨንዴል 293 ኪሎ ሜትር ይቀርሻል። ባለፉት ሁለት ወራት በአማካይ በቀን 7.4 ሄደሻል፣ በዚሁ ከቀጠልሽ 40 ቀን ገደማ ነው።

አንድ የቀረ ነገር። ስክሪኑ ሲጠፋ ቆጠራው የሚቆም ከሆነ የባትሪ ቁጠባው ነው የሚገድለው። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ አፑን መርጠሽ ባትሪ የሚለው ውስጥ አንሪስትሪክትድ አድርጊው፤ ፐርሚሽን ውስጥም ፊዚካል አክቲቪቲ የሚለው መፈቀዱን እይ። ነገ ጠዋት 200 እርምጃ በአፍሽ እየቆጠርሽ ሂጂና ስልኩ ስንት እንዳለ ጻፊልኝ።