በፌስቡክ አስተያየት ምክንያት ከሥራ ስለታገደው ወንድምዎ

የተከበሩ እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ታናሽ ወንድምዎ በአንድ የግል ባንክ በቴለርነት እንደሚሠራ፣ በአንድ የፌስቡክ ገጽ ሥር ከአንድ አካባቢ የሚመጡ ደንበኞችን «ፎርም መሙላት እንኳ የማይችሉ» ብሎ የሚያንቋሽሽ አስተያየት እንደጻፈ፣ ያየው ሰው ስክሪንሹቱን የባንኩ መታወቂያ ከሚታይበት የመገለጫ ፎቶው ጋር ለባንኩ እንደላከው፣ ወንድምዎም ከሥራ ታግዶ በ3 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ማብራሪያ እንዲያቀርብ በደብዳቤ እንደታዘዘ ገልጸዋል። ከቤተሰቡ ገሚሱ «አካውንቴ ተጠልፎ ነው በል» ሲለው ገሚሱ ደግሞ «ሳያባርሩህ ቀድመህ ልቀቅ» እያለ እንደሚመክረውም ጽፈዋል። እኔ በአንድ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ተመራጭ ሆኜ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ለዓመታት ሠራተኛውን ወክዬ ተቀምጫለሁ፤ ተመሳሳይ ክስ ለቀረበባቸው ባልደረቦችም ተከራክሬያለሁ። ከዚያ ልምድ ተነሥቼ የምነግርዎ፣ ሁለቱም ምክሮች ወንድምዎን ከጻፈው አስተያየት የባሰ ሊጎዱት እንደሚችሉ ነው።

«ተጠልፌ ነው» የሚለውን መልስ በዲሲፕሊን ኮሚቴ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ ስለዚህ ገና ሲነበብ በጥርጣሬ ይታያል። የማልረሳው አንድ ባልደረባችን በሥራው የተመሰገነ፣ በማኅደሩ አንድም ማስጠንቀቂያ ያልነበረበት ሹፌር ነበር። ብሔርን የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ ሼር አድርጎ ተከሰሰና አካውንቱ በሌላ ሰው እጅ እንደነበረ በጽሑፍ መለሰ። በዚያው ምሽት ግን፣ ጽሑፉ ከተለጠፈ ጥቂት ቆይቶ፣ ከዚያው አካውንት ለእህቱ ልጅ የልደት መልካም ምኞት ተጽፎ ነበር። በአስተዳደሩ ወገን ከተቀመጡት አባላት አንዷ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል የሚል አቋም ይዛ ነበር፤ ያንን ካየች በኋላ «ጽሑፉን ይቅር ልንለው እንችል ነበር፣ በጽሑፍ የዋሸንን ሰው ግን ነገ ንብረት እንዴት እናስረክበዋለን?» ስትል የምመልሰው አጣሁ። ይህ ጥያቄ በባንክ ሠራተኛ ላይ ሲነሣ እጅግ ይከብዳል፤ የሚይዘው የሰው ገንዘብ ነውና መዋሸቱ ከተረጋገጠ ባንኩ አንድ የነበረውን ክስ ሁለት ያደርገዋል። በእርግጥ አካውንቱ ተጠልፎ ቢሆን ኖሮ መናገር በተገባው ነበር፤ እርስዎ ግን ራሱ እንደጻፈው በግልጽ ነግረውናል።

ቀድሞ ይልቀቅ የሚለው ምክር ለስሙ ከመጨነቅ የመነጨ እንደሆነ ይገባኛል። ሆኖም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሕግ ውጭ ስለተቋረጠ ውል የተደነገገው ጥበቃ የሚያገለግለው አሠሪው ላሰናበተው ሠራተኛ ነው። በገዛ እጁ መልቀቂያ የጻፈ ሰው በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ተገድጄ ነው» ቢል፣ መገደዱን ማስረዳት የሚጠበቅበት እርሱ ራሱ ስለሚሆን በተግባር እጅግ ይቸገራል። አንዳንድ አለቆች ሠራተኛውን ቢሮ አስገብተው «ለስምህ ስንል ነው፣ እዚህ ላይ ፈርም» ይላሉ፤ በቅንነት የሚሉትም አሉ። ወንድምዎ ማናቸውንም የመልቀቂያ ወይም የስምምነት ወረቀት እዚያው አንብቦ እዚያው እንዳይፈርም፣ ቅጂውን ይዞ ወጥቶ ከማኅበሩ ወይም ከጠበቃ ጋር እንዲመክርበት አጥብቄ እለምናለሁ። የእግዱን ደብዳቤ መቀበሉን ለማረጋገጥ መፈረም ግን ጥፋትን ማመን አይደለምና የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ይፈርም።

ወደ ሕጉ ስመጣ፣ የአዋጁ አንቀጽ 27 ሠራተኛን ያለማስጠንቀቂያ፣ ማለትም አስቀድሞ ጊዜ ሳይሰጡ ወዲያው፣ ለማሰናበት የሚያበቁ ምክንያቶችን ይዘረዝራል፤ ከሥራ መቅረት፣ በሥራ ላይ ማታለል፣ በሥራ ቦታ ጠብ ማንሣት፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት በንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ የመሳሰሉት በውስጡ አሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ ስለተጻፈ ቃል በስም የተጠቀሰ ነገር የለም። አሠሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው፤ ይኸው አንቀጽ በኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት ውል) ያለማስጠንቀቂያ ያሰናብታሉ ተብለው የተወሰኑ ሌሎች ጥፋቶችንም ይጨምራልና። ስለዚህ ወንድምዎ ዛሬውኑ የኅብረት ስምምነቱን ቅጂ ከማኅበሩ ጠይቆ፣ ደንበኛን መስደብ ወይም የድርጅቱን ስም ማጉደፍ በየትኛው የቅጣት እርከን እንደተቀመጠ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈጸም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወይም የደመወዝ ቅጣት የሚያስከትል እንደሆነ ወይስ በቀጥታ የሚያሰናብት እንደሆነ ያንብብ። እኔ ካየኋቸው ክርክሮች ብዙዎቹ የተወሰኑት በዚህ የቅጣት እርከን ነው። ባንኩ ሠራተኛውን ያስፈረመው የማኅበራዊ ሚዲያ መመሪያ ካለም አብሮ ይታይ፤ አሠሪው ብቻውን ያወጣው መመሪያ ግን ከማኅበሩ ጋር ከተፈረመ የኅብረት ስምምነት ጋር እኩል ክብደት የለውም ብሎ መከራከር ይቻላል።

ቀኖቹም ሊቆጠሩ ይገባል። አሠሪው በአንቀጽ 27 መሠረት ውሉን የማቋረጥ መብቱ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ከ30 የሥራ ቀናት በኋላ ይቀራል፤ ከውሳኔ በፊት የሚደረግ እግድም ከ30 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። ስንብቱ ምክንያቱንና ቀኑን በሚገልጽ ጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ወንድምዎ ገና በሙከራ ጊዜው ላይ ከሆነ፣ ይህም በአዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ ነው፣ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ስለሚችል የምለው አብዛኛው ነገር አይረዳውም፤ ጥያቄዎ ይህን አልገለጸም።

በተጨማሪም ስለ ምን እንደጻፈ መለየት ያስፈልጋል። ከባልደረቦቻችን አንዲት ሴት የደመወዝ ክፍያ እንደዘገየ በገጿ ጽፋ «የድርጅቱን ስም አጠፋሽ» ተብላ ተከስሳ ነበር፤ የጻፈችው እውነት መሆኑን በሰነድ አሳይተን፣ የሠራተኛ ቅሬታ እንጂ ስድብ እንዳልሆነ ተከራክረን በማስጠንቀቂያ ብቻ አለፈ። የፖለቲካ አመለካከትም ቢሆን በአንቀጽ 26 መሠረት ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። የወንድምዎ ጉዳይ ከሁለቱም ይለያል፤ የነካው በየዕለቱ በመስኮቱ የሚያስተናግዳቸውን ሰዎች ነው፣ ያውም በመጡበት አካባቢ። አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ከዚያ አካባቢ መጥተው፣ የልፋታቸውን ገንዘብ ሊያስቀምጡ ወረፋ ይዘው፣ በመስኮቱ ከተቀመጠው ልጅ ዘንድ እንዲህ እንደሚታሰቡ ቢያውቁ የሚሰማቸውን እስቲ ያስቡት። ፎርም መሙላት ያልተማረ ሰው የሚረዳው ሰው ይፈልጋል፤ እርሱን መርዳት ደግሞ የቴለሩ ሥራ አንዱ ክፍል ነው። ባንኩ የተቆጣው ለስሙ ብቻ ተጨንቆ ነው ብላችሁ ቤት ውስጥ የምትነጋገሩ ከሆነ፣ የሚጻፈው መልስም ይህንኑ መንፈስ ይዞ ይወጣል፤ ኮሚቴውም ያውቀዋል።

ስለዚህ መልሱ አጭርና እውነተኛ ይሁን። እኔ ብረዳው ኖሮ እንዲህ ዓይነት ነገር እንዲጽፍ እመክረው ነበር፦ «በተጠቀሰው ቀን በግል አካውንቴ የተለጠፈውን አስተያየት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስተያየቱ ባንኩ የሚያገለግላቸውን ደንበኞች የሚያዋርድ መሆኑን ተረድቻለሁ፤ የተሰማኝንም ጸጸት እገልጻለሁ። ጽሑፉን አንሥቻለሁ። በአገልግሎት ዘመኔ በደንበኛ ላይ ያጓደልኩት መስተንግዶ እንደሌለ ማኅደሬ ስለሚያስረዳ፣ ይህ ከግምት ገብቶ ውሳኔ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የሚጽፈው እውነት ከሆነ ብቻ ነው። «ያስከፋሁት ሰው ካለ» የሚል ቃል እንዳይገባበት እለምናለሁ፤ የተከፋ ሰው መኖሩ ታውቋል፣ ስክሪንሹቱ የተላከውም ለዚያ ነው። በዚያ ቀን ሥራ በዝቶበት፣ ተሰድቦ ወይም ታሞ ከነበረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጠቅሰው አይከፋም፤ ደብዳቤው በሙሉ ምክንያት መደርደሪያ ከሆነ ግን ጸጸቱ ይጠፋል። ሁለት ቅጂ ያዘጋጅና በአንዱ ላይ ገቢ መደረጉን በማኅተምና በቀን ያስመዝግብ።

ይህን ከማስገባቱ በፊት ግን ጠበቃ ይጠይቅ የምለው በአንድ ምክንያት ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግር ማሰራጨትን እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። እርስዎ የጠቀሱት ቃል ማንቋሸሽ ቢሆንም እዚህ ደረጃ ይደርሳል ብዬ አላምንም፤ ሙሉውን ጽሑፍ ግን አላየሁትም፣ በጽሑፍ ያመነውም ቃል ነገ ሌላ ቦታ ሊቀርብ ይችላል። በነገራችን ላይ ይኸው አዋጅ «ማሰራጨት» ሲል ላይክና ታግ ማድረግን አያካትትም፤ ሼር ማድረግ ግን ከዚህ ነፃ አልተደረገም። ስለ ላይክ ደግሞ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. የሰጠው ውሳኔ አለ፤ በቱርክ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር በኮንትራት የጽዳት ሠራተኛ የነበረች ሴት በፌስቡክ ላይክ ባደረገቻቸው ጽሑፎች ምክንያት መሰናበቷ ሐሳብን የመግለጽ መብቷን ጥሷል ብሎ ወስኗል። ውሳኔው እኛን አይገዛም። ነገር ግን የሠራተኛዋን የሥራ ደረጃና ድርጊቱ በሌሎች ላይ ሊኖረው የሚችለውን ተጽዕኖ አገናዝቦ መመዘኑ፣ እኛም ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠን ብለን ስንከራከር የምንከተለው መንገድ ነው።

«ያየው ጥቂት ሰው ነው» የሚለው መከራከሪያ ግን ብዙ አያራምድም። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. የአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ከለንደን ወደ ኬፕታውን ከመብረሯ በፊት ስለ አፍሪካና ስለ ኤድስ የሚያላግጥ አንድ ትዊት ጻፈች፤ ተከታዮቿ 170 ያህል ብቻ ነበሩ። ከ11 ሰዓት ያህል በረራ በኋላ ስታርፍ ዓለም ሁሉ ስለ እርሷ ይነጋገር ነበር፣ ሥራዋንም ወዲያው አጣች። የተዘጋ የቴሌግራም ግሩፕም ቢሆን ስክሪንሹት ከሚያነሣ አባል አይጠበቅም።

ሌላው የሚያሳስበኝ ቤተሰቡ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው። ስክሪንሹቱን የላከውን ሰው ለማወቅ አትሞክሩ፤ ብታውቁትም ሽማግሌ አትላኩበት። በእኛ ባህል ሽማግሌ መላክ ትልቅ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፣ በብዙ ጠብም ረድቶኛል። በዚህ ጉዳይ ግን የላከው ሰው እንደ ማስፈራሪያ ሊቆጥረውና ለባንኩ ሊያመለክት ይችላል፤ አንድ ጊዜ በፊቴ እንዲህ ሆኖ በማስጠንቀቂያ ሊያልቅ የነበረ ጉዳይ ተበላሽቷል። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁን መለመንም ብዙ አይጠቅምም፤ ውሳኔው በአብዛኛው የሚሰጠው በዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ይልቁንም ሥራ አስኪያጁ ስለ ወንድምዎ ትጋት የሚያውቀውን በጽሑፍ እንዲመሰክር ቢጠየቅ ይሻላል። ወንድምዎ አስተያየቱን ከገጹ ማንሣቱ ተገቢ ነው፤ ከማንሣቱ በፊት ግን ከሱ በላይና በታች የነበሩት መልሶች ሁሉ የሚታዩበትን ሙሉ ቅጂ ያስቀምጥ፣ ተቆርጦ የቀረበ ስክሪንሹት ትርጉም ሲያዛባ አይቻለሁና። ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ እርሱም ሆነ ዘመድ ስለ ባንኩ አንድም ቃል አይለጥፍ።

ስንብቱ ከመጣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ፣ ከስንብቱ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ለሥራ ክርክር ችሎት መቅረብ አለበት፤ ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ወደ ሥራ ካልተመለሰ፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ከሆነ የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ካሣና የማስጠንቀቂያ ጊዜው ክፍያ ይታሰብለታል። እስከ ስንብቱ ቀን የሠራበት ደመወዝና ሌላው ተከፋይ ሒሳብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊሰጠው ይገባል። የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀቱንም ይጠይቅ፤ በአዋጁ መሠረት የሚጻፍበት የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ ስለሆነ፣ የተሰናበተበት ምክንያት እንዲገባበት መስማማት አይጠበቅበትም።

የባንኩን ደብዳቤ ፎቶ አንሥተው እዚህ አይለጥፉ፤ ስሙና ፊርማዎቹ ይታያሉ። የተጠቀሰበትን አንቀጽና የደብዳቤውን ቀን ብቻ ቢጽፉልን፣ እኔም ሆንኩ በዚህ ግሩፕ ያሉ የሕግ ባለሙያዎች ማብራሪያውን ከማስገባቱ በፊት ልናይለት እንችላለን።